እናቴን መልሶ ወንበር ላይ ላስቀመጣት ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ላለፉት አራት ወራት ማታ ማታ ሃያ ደቂቃ በእግሯ ትሄድ ነበር። ማንም አላስገደዳትም። መጀመሪያ የምትሄደው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ብቻ ነበር። ቀጥላ ትንሽ ራቅ አለች። በሦስተኛው ወር ላይ «ይሄ ጫማ አልተመቸኝም፣ ለእርምጃ የሚሆን ግዛልኝ» አለችኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ባለፈው ሳምንት በእርምጃ ሰዓቷ ስደውል ቤት ሆና አነሳችው። «ዛሬ አልወጣሽም እንዴ?» አልኳት። «ትቼዋለሁ» አለች። ለምን ስላት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንብበው። የተማረ ሰው ነው የጻፈው። ለእኔ ዕድሜ ጥሩ አይደለም ይላል።» ለካ ከወጣች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል።

ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። ርዕሱ «ሰውነትን ማድከም ጤና አይደለም» ይላል። ብዙ ሰው እንደተቀባበለው ያስታውቃል። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። ልብ የተቆጠረ ምት ይዛ ስለተፈጠረች እስፖርት ዕድሜዋን ያሳጥረዋል። ከ60 ዓመት በኋላ ጡንቻ ስለማይገነባ ክብደት ማንሳት ትርፉ ጉዳት ነው። ሩጫና ደረጃ መውጣት ጉልበትን ይጨርሳል። እስፖርት እንዲጠቅም ከተፈለገ በቀን 10,000 እርምጃ ወይም ሙሉ አንድ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ከንቱ ልፋት ነው። ያላላበውና ያላመመው ሰው አልሠራም። ቦርጭ ያለበት ሌላውን ትቶ ሲት አፕ ይሥራ። ግፊትና ስኳር ያለበት ይረፍ። በመጨረሻም፣ እስፖርት ክብደት አይቀንስም።

ሐኪም አይደለሁም። ሰዎችን እስፖርት በማሠራት የምተዳደር ሰው ነኝ፤ 12 ዓመት ሆነኝ። አብዛኞቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ ናቸው። ይህን የምጽፈው ክርክር ለማሸነፍ አይደለም። እንደ እናቴ አንብበውት ጫማቸውን አውልቀው የተቀመጡ ሌሎች ሰዎች እንዳሉ ስለማስብ ነው።

ከልብ ልጀምር። «ልብ እንደ ባትሪ ናት፤ የተሰጣትን ምት ስትጨርስ ታቆማለች» ይላል ጽሑፉ። ለጊዜው ልክ ነው እንበልና በዚሁ ሒሳብ እንሂድ። እስፖርት የማይሠራ ሰው ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ ይመታል እንበል። በቀን 1,440 ደቂቃ አለ። 100,800 ምት ማለት ነው። አሁን ደግሞ ለወራት ሳያቋርጥ ሲሠራ የቆየ ሰው እንውሰድ። የእሱ የእረፍት ጊዜ ምት ወደ 60 ወርዷል፤ ይህ የተለመደ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ልቡ 120 ይመታል እንበል። ግማሽ ሰዓቱ 3,600 ምት ይወስዳል። የቀሩት 1,410 ደቂቃዎች በ60 ሲባዙ 84,600 ናቸው። ድምሩ 88,200። የሚሠራው ሰው በየቀኑ 12,600 ምት ተርፎለታል ማለት ነው። ስለዚህ የተቆጠረ ምት አለ ብንል እንኳ ቶሎ የሚጨርሰው የተቀመጠው ሰው ነው።

እርግጥ ልብ የተቆጠረ ምት የላትም። ልብ ጡንቻ ናት። ስትሠራ ትጠነክራለች፤ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይጨምራል። በአንዴ ብዙ ስለምትረጭ ደጋግማ መምታት አያስፈልጋትም። ምቱ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ካሳዩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ ናቸው። የመረጡት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ነበር። በአንድ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሠራተኞች አሉ፤ ሾፌርና ትኬት ቆራጭ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ፎቁን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ይረግጣል። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ጭስ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመው ጥናት የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ መገኘቱን አሳየ። ትኬት ቆራጮቹ ቢታመሙም እንኳ ሕመሙ ዘግይቶ፣ ቀለል ብሎ ነበር የሚመጣባቸው። «ሾፌሮቹ ሥራውን ሲጀምሩም ወፍራሞች ይሆናሉ» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ሞሪስ ግን በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉ የፖስታ ሠራተኞችን ቢሮ ከሚቀመጡት ጋር ሲያስተያዩም ያገኙት ያንኑ ነው። ራሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲንቀሳቀሱ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2009 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

«ከ60 በኋላ ጡንቻ አይገነባም።» ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም እዚህ ላይ መሳሳት ሰውን ከአልጋ ጋር ያጣብቃል።

ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ መቀነሱ እውነት ነው። ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህሉ ይጠፋል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። እስከዚህ ድረስ ጽሑፉ ልክ ነው። ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ አትልፉ» ማለቱ ነው የማይገባኝ። ቤቱ የሚያፈስበት ሰው ጣሪያውን ይጠግናል እንጂ ክረምቱ መጥቷል ብሎ አይተወውም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪያ ፊያታሮን የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ 10 ሰዎችን ክብደት አሠሩ። የሰዎቹ አማካይ ዕድሜ 90 ነበር። ዘጠና ዓመት! ለ8 ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ የጭን ጡንቻቸውን በክብደት ሠሩ። ክብደቱ ደግሞ ለስሙ ያህል የተቀመጠ ቀላል ነገር አልነበረም፤ አቅማቸውን የሚፈትን ነበር። የጭናቸው ብርታት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። መጀመሪያ 10 ኪሎ ይገፋ የነበረ እግር በሁለት ወር ውስጥ 27 ኪሎ ገፋ እንደማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ከዘራቸውን ተዉ። እ.ኤ.አ. በ1994 እነዚሁ ተመራማሪዎች አማካይ ዕድሜያቸው 87 የሆነ 100 ሰዎችን ይዘው ሥራውን በሰፊው ደገሙት። ክብደት የሠሩት ብርታታቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ አካሄዳቸው ፈጠነ፣ ደረጃ መውጣትም ቀለላቸው።

አንድ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወደ እኔ ሲመጣ መጀመሪያ ዳምቤል አላስይዘውም። ወንበር ነው የማቀርብለት። ወንበሩ እንዳይንሸራተት ግድግዳ አስደግፈዋለሁ። ጫፉ አካባቢ ተቀመጥ እለዋለሁ። እግሮችህን በትከሻህ ስፋት ልክ ክፈት፣ ተረከዝህን ትንሽ ወደ ራስህ ሳብ። እጆችህን ደረትህ ላይ አጣምር። አሁን አፍንጫህ ከእግር ጣቶችህ በላይ እስኪሆን ጎንበስ በልና ትንፋሽህን እያወጣህ ተነስ። መነሳቱን ብዙዎች ይችሉታል። ችግሩ መቀመጡ ላይ ነው። ዘጭ ይላሉ። እኔ ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እየቆጠርኩ ቀስ ብለው እንዲወርዱ አደርጋለሁ። ያኔ ነው ጭናቸው የሚንቀጠቀጠው። ዋናው ሥራ ያለው እዚያ መንቀጥቀጡ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አምስት፣ እረፍት፣ እንደገና አምስት። አንድ ቀን ይታረፍና ይደገማል። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን አምስቱ ስምንት ይሆናሉ። አሥር ሲደርስ ውሃ የተሞላ ባለ አንድ ሊትር ተኩል ፕላስቲክ ደረት ላይ አስታቅፋለሁ። ቀጥሎ ሁለት። ቀጥሎ የጀርባ ቦርሳ። ጡንቻ የሚያድገው ሲከብደው ነው። ለዚህ ነው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ የምንጨምረው። ዋርም አፕ ሳይሠሩ ዘለው ከባድ ነገር የሚያነሱ ሰዎች እንደሚጎዱ እኔም አውቃለሁ፤ ጽሑፉ የጠቀሰው ጉዳት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። መፍትሔው ግን ክብደትን መተው ሳይሆን አነሳሱን ማስተካከል ነው።

የ66 ዓመት ሰው አሠራ ነበር። መታጠቢያ ቤት ወድቀው መነሳት አቅቷቸው ሰው እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ወለል ላይ ቆይተዋል። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ቅስማቸው ግን ተሰብሮ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ከልጅ ልጃቸው ጋር መሬት ተቀምጠው ሲጫወቱ ውለው ያለ ማንም ድጋፍ መነሳታቸውን ደውለው ነገሩኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ክብደት ማንሳት ትርፉ ጉዳት ነው» የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እኚህ ሰው ናቸው።

አጥንትም እንደ ጡንቻ ነው፤ ጭነት ካላገኘ ይሳሳል። ክብደት በማይሰማበት ጠፈር ላይ የሚቆዩ ጠፈርተኞች ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያህል ሊያጡ ይችላሉ። እዚያ ላይ ሆነው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ገደማ እስፖርት የሚሠሩትም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ 108 ጥናቶችንና ከ23,000 በላይ አረጋውያንን ያካተተ ግምገማ ወጥቷል። እስፖርት የሚሠሩት የመውደቅ ብዛት በ23 በመቶ ቀንሶ ነው የተገኘው።

ወደ ጉልበት እንሂድ። «ጉልበት እንደ ጎማ ነው፤ በሄድክበት ቁጥር ያልቃል።» ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ጎማ ግን ራሱን አይጠግንም። በጉልበታችን አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ነው። የሚገርመው ደግሞ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ስንረግጥ ይጨመቃል፣ ስናነሳ ይመጠምጣል። እንደ ስፖንጅ ማለት ነው። ሳይንቀሳቀስ የሚውል ጉልበት ይህን በደንብ አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ግምገማ የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ መበላት በማን ላይ እንደሚበዛ አይቶ ነበር። ለጤናቸው ከሚሮጡ ሰዎች መካከል 3.5 በመቶ፣ ከማይሮጡት መካከል 10.2 በመቶ ሆነ። ለውድድር በሚሮጡት ላይ ግን 13.3 በመቶ ነበር። ስለዚህ የጽሑፉ ስጋት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከአቅም በላይ ለዓመታት የተሮጠ ሩጫ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ለጤና ብሎ ሶምሶማ የሚል ሰው ግን ያ ውስጥ የለበትም፤ በእግሯ የምትሄድ እናት ደግሞ ጭራሽ!

ጉልበቱን አስቀድሞ የሚያመው ሰውስ? እኔ የምከተለው አካሄድ ይህ ነው። እየሠራህ ትንሽ የሚያምህ ከሆነና ሕመሙ በማግስቱ ካልባሰ ቀጥል። በማግስቱ ከባሰ መጠኑን ቀንስ። ካበጠ፣ ካተኮሰ ወይም ክብደትህን አልሸከምም ካለ ሐኪም ይየው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ከጉልበት ላይ ሸክም ይቀንሳል። ያ ወንበር እዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ 10,000 እርምጃ። ይህ ቁጥር ከሳይንስ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የመጣው ግን ከገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ በተካሄደ በዓመቱ፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ሸጠ። ስሙን «ማንፖ ኬይ» አለው፤ የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ እንደማለት። ቁጥሩ ሙሉ ነው፣ ለማስታወስም ይቀላል። በዚያው ተለመደ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ከ16,000 በላይ ሴቶችን እርምጃ ቆጥሮ ነበር። የእናቴ እኩዮች ናቸው። በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ጋር ሲነጻጸሩ በጥናቱ ጊዜ የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር። እርምጃው ሲጨምር ጥቅሙም እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ቆመ። ጤነኛ ሰው ቀድሞውንም ብዙ ይሄዳል የሚባለው እንዳለ ሆኖ፣ ሌሎች ጥናቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ መልክ ነው። ትልቁ ጥቅም ያለው ከምንም ወደ ትንሽ በሚደረገው ለውጥ ላይ ነው። ጽሑፉ «ከንቱ ልፋት» ያለው ያንኑ ነው።

ሙሉ አንድ ሰዓት የሚለውም እንደዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ጠንከር ላለ ሰው ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይበቃል። በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን። በፊት የነበረው መመሪያ «አንዱ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ማነስ የለበትም» ይል ነበር። የ2020ው ያንን አንስቶታል። አምስት ደቂቃም ይቆጠራል። ሊፍቱን ትቶ ደረጃውን መውጣትም ይቆጠራል።

እናቴ በቀን 20 ደቂቃ ትሄድ ነበር። በሳምንት 140 ደቂቃ። ከዓለም ጤና ድርጅት ምክር ላይ የጎደላት አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ይህን ጽሑፍ ባታነብ ኖሮ እስካሁን ሞልታው ይሆናል።

ስለ ላብ ብዙ አልልም። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ነው። ሙቀት ባለበት ቦታ ቁጭ ብለንም ያልበናል። አልቦን የቀነሰው ክብደት ውሃ ነው፤ ስንጠጣ ይመለሳል። ምን ያህል እየሠራን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግን ከላብ ይልቅ አፋችን ይነግረናል። እየሄድን ማውራት ከቻልን፣ መዝፈን ግን ካቃተን፣ መካከለኛ ላይ ነን። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረን ትንፋሽ የሚያጥረን ከሆነ ከባድ ላይ ገብተናል። ሕመምም መለኪያ አይደለም። አዲስ ነገር ከሠራን በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ጡንቻ ሊቆረጣጥመን ይችላል፤ እየለመድነው ስንሄድ ይቀራል። ሲቀር ሥራው አልሠራም ማለት አይደለም። መገጣጠሚያ ላይ ቀጭ የሚል፣ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው። ያኔ ማቆም ነው።

የሲት አፑም ነገር በአጭሩ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ ጥናት ወንዶችን በ27 ቀን ውስጥ 5,004 ሲት አፕ አሠርቷል። ከዚያ ከሆዳቸው፣ ከጀርባቸውና ከመቀመጫቸው ስብ ናሙና ተወሰደ። የሆዱ ስብ ከሌላው ቦታ ተለይቶ አልቀነሰም። ሰውነት ስብን ከፈለገበት ቦታ ነው የሚወስደው፤ እኛ ከምንሠራው ጡንቻ ሥር እየለየ አይደለም። ሲት አፕ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል። ከቦርጭ ጋር የሚገናኘው በዚያ ልክ ብቻ ነው።

«ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ይረፍ» የሚለው ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ። እዚህ ላይ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ በሁለቱም በኩል።

በመጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ደረቱን የሚያመው፣ ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ራሱን የሚያስተው ወይም ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ ያልተስተካከለ ሰው ሐኪም ሳያየው እስፖርት መጀመር የለበትም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እንቅስቃሴ ሲጀምር ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ስለሚችል መጠኑን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። ጽሑፉ ይህን ብቻ ብሎ ቢያቆም ኖሮ አመሰግነው ነበር።

«ይረፍ» ግን መድኃኒቱን መንጠቅ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ውስጥ ይስባል። ይህን ደግሞ ያለ ኢንሱሊን እርዳታም ያደርገዋል። ኢንሱሊን በደንብ አልሠራ ያለው ሰው ጡንቻው ሌላ በር ይከፍትለታል ማለት ነው። ከበሉ በኋላ አሥር ደቂቃ መራመድ የስኳሩን አወጣጥ ያለዝበዋል። አንድ ጊዜ ከሠሩ በኋላ ኢንሱሊን የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ለአንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይቆያል። ሳያቋርጡ አንድ ቀን እያለፉ መሥራት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ግፊትም ያው ነው። እየሠራን ሳለ ይጨምራል፤ ጽሑፉ የፈራው ይህን ነው። ከሠራን በኋላ ግን ይወርዳል። ለወራት ስንቀጥል የእረፍት ጊዜው ግፊት ራሱ ዝቅ ይላል፤ ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ያህል ሊቀንስ ይችላል። ይህ ማለት መድኃኒት ይጣል ማለት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ። ከባድ ነገር ሲያነሱ ትንፋሽ አይያዝ። ትንፋሽን አፍኖ መግፋት ግፊትን በአንዴ ሽቅብ ይሰቅለዋል። ሲገፉ ማውጣት፣ ሲመልሱ ማስገባት። የማሠራቸው ሰዎች እንዳይረሱት ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ማፈን አይችልም።

እረፍት ራሱ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካዋ ዳላስ አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሱ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወርዶ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው እንደገና ለኩዋቸው። የሦስት ሳምንቱ መተኛት ያደረሰባቸው ጉዳት የ30 ዓመት እርጅና ካደረሰባቸው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ለስድስት ወር ቀስ በቀስ አሠሯቸው። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሃያ ዓመታቸው፣ ሳይተኙ በፊት፣ ወደነበራቸው አቅም ተመለሱ።

አምስት ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ለአዲስ ሰው ሁሉ እነግራለሁ። ሁልጊዜ ዝም ብለው ያስባሉ። ከዚያ «ስድስት ወር?» ይላሉ።

የመጨረሻው ነጥብ ክብደት ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉ ብዙውን ልክ ብሏል። እስፖርት ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም። ግማሽ ሰዓት የተሄደው በሁለት ጉርሻ ይመለሳል። ሰውነትም የወጣውን ጉልበት በሌላ በኩል እየቆጠበ ያካክሳል። ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው ዋናውን ሥራ ያለው ገበታው ላይ ነው። ሰዎች ጂም ገብተው ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ሲላቸው ተስፋ ቆርጠው ሲተዉ ስላየሁ ይህ በግልጽ መነገሩ ደስ ይለኛል። ጽሑፉ ግን ከዚህ ተነስቶ «ታዲያ ምን ያደርጋል?» ይላል። ሚዛኑ ባይወርድም ግፊቱ ይወርዳል፣ ስኳሩ ይስተካከላል፣ እንቅልፉ ይሻላል፣ ደረጃው ይቀላል። የወገብ መለኪያውም አንዳንዴ ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ይቀንሳል። እኔ ከማሠራቸው ሰዎች ጋር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሚዛን ላይ አልወጣም። የምንለካው ስንት ጊዜ ከወንበር እንደተነሱ ነው።

የጽሑፉን ባለቤት አላውቃቸውም። በክፋት እንዳልጻፉት አምናለሁ። ምናልባት ከአቅሙ በላይ ሠርቶ የተጎዳ ሰው አይተው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ስለ እሱ ቢጽፉ እኔም እማርበታለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ሌላውን ቢተዉትም ስለ 60 ዓመትና ስለ አሥር ሺሁ እርምጃ ያሉትን ያርሙልን። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ለአንድ አሮጊት ሴት የሚሉት ነገር «አንቺ አልፎብሻል፣ የምትሠሪውም አይበቃም» ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ አንድ በአንድ ነገርኳት። ዘጠና ዓመት የሆናቸው ሰዎች ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ። «ዘጠና?» አለች። «ዘጠና» አልኳት። ዝም አለች። ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ።

አንድ ቀላል ፈተና አለ። ለ30 ሰከንድ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። በእናቴ የዕድሜ ክልል፣ ማለትም ከ70 እስከ 74 ላሉ ሴቶች፣ ከ10 በታች ከሆነ ለመውደቅ የተጋለጡ ናቸው ይባላል። ወንበሩን ግድግዳ አስደገፍኩ። ሰዓት ያዝኩ። ጫማውን አጥልቃ መጣች። ስድስት ላይ ጭኗ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰባተኛው ላይ እጇን የወንበሩ ጠርዝ ላይ አሳርፋ ተነሳች። ጊዜው አለቀ።

«ሰባት» አለች።

«ስድስት ነው እማዬ። ሰባተኛው በእጅሽ ነው፣ አይቆጠርም።»

አየችኝ። ትንሽ ተነፈሰች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች። «ሰዓቱን እንደገና ያዝ» አለችኝ።